የላይኛው ወንበር

ነሐሴ 24

ዝናብ። ሱቁን አርፍጄ ከፈትኩ። መብራት ጠፍቶ ዋለ። ፎቶ ኮፒ ፈልጎ የመጣውን ሁሉ “ነገ ኑ” እያልኩ ስመልስ ዋልኩ። ፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው አንድ ሰውዬ ጮኸብኝ። መብራት ኃይል እኔ ነኝ እንዴ?

ከሰዓት ከወረዳ ተደወለ። ነገ ውጫሌ ምክክር አለ፣ የሐይቅ ነጋዴዎችን ወክለሽ ትሄጃለሽ ተባልኩ። ማን ወከለኝ ብዬ ጠየቅኩ። ስምሽ ተሰጥቶን ነው አሉ። ማን ሰጣችሁ? እሱን አናውቅም። ስልኩ ተዘጋ።

ይሁን። አበል ባይኖረውም ከጨለማ ሱቅ ይሻላል።

ነሐሴ 25

ውጫሌ ውዬ መጣሁ። ወገቤ…

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ገበሬ፣ መምህር፣ ቄስ፣ ሸህ፣ ነጋዴ። በቡድን በቡድን አደረጉን። ለእኛ ቡድን የደረሰው ርዕስ የፌዴሬሽን ምክር ቤት። ማንም ደስ አላለውም። ጎናችን ያለው ቡድን መሬት ደርሶት አዳራሹን በጩኸት ሲያናጋው እኛ ዝም ብለን ተያየን። አንድ ገበሬ “ይሄ ነገር የሚበላ ነው የሚጠጣ?” አለ።

ቃለ ጉባኤ ያዡ ሙላት አስረዳን። ከወረዳ የመጣ ልጅ ነው፣ ጨዋ። ፓርላማው ሁለት ነው አለ። ታችኛውን እኛ ካርድ ጥለን እንመርጣለን። ላይኛው የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች የሚቀመጡበት ነው፤ ሕገ መንግሥት ይተረጉማል፣ ክልልና ክልል ሲጋጭ ይዳኛል። እዚያ የሚቀመጡትን የሚልካቸው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ሕጉ ግን የክልሉ ምክር ቤት ከፈለገ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጣቸው ማድረግ ይችላል ይላል።

ታዲያ እስከ ዛሬ ያልፈለገው ማነው አልኩ። ሳቁ። እኔ እንኳ የምሬን ነበር። ሙላት ብቻ አልሳቀም፣ ጻፈው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም አፍ አወጣ። ሐሳባችን ባንድ ሆነ፤ የላይኛው ምክር ቤት ሰዎች በሕዝብ ይመረጡ። ልቤ ሞቀ። የሚዳኘኝን ሰው እኔ ካልመረጥኩት ምኑን ዳኛዬ ሆነ?

የቡድናችንን ሐሳብ ደሴ በሚደረገው ጉባኤ ላይ የሚያነብ ሰው መምረጥ ብቻ ቀረ። መዝጊያው ላይ አባጋር ሙዘይን ተነሱ። የእኛው አገር ሰው ናቸው፣ የአርዲቦ። አባጋርነቱን ከአባታቸው ወረሱ፣ አባታቸው ከአያታቸው። ደም ያደርቃሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ከቃላቸው አይወጣም። ዱዓ አደረጉ። ለአገሩ፣ ለዝናቡ፣ መንገድ ላይ ላለ ሁሉ። ቀጥለው እጃቸውን ወደኔ ዘረጉና “ይችን ልጅ አላህ አንደበቷን ይፍታላት፣ ደሴ ላይ ቃላችንን ታድርስልን” አሉ። አዳራሹ በሙሉ አሚን አለ። እኔም አሚን! ገና ከአፌ ሳይወጣ ገባኝ… ምን ላይ ነው አሚን ያልኩት?

ሙላት ቀና ብሎ አየኝና ጻፈ። “ሰሚሃ በሙሉ ድምፅ ተመርጣለች።”

ኸረ ቆይ! ማን እጁን አወጣ? ግን የአባጋርን ምርቃት አልቀበልም ብሎ የሚነሳ ማነው? እኔ አይደለሁም።

ነሐሴ 26

ሰው በምርጫ ይቀመጥ ብላ የምትከራከረው ሴትዮ ራሷ አልተመረጠችም። ቀኑን ሙሉ ሳቄ እየመጣ ተቸገርኩ።

ጳጉሜን 2

እናቴ ዘንድ አደርኩ። እግሯ ተነፍቷል፣ መስገጃዋ ላይ ቁጭ ብላ ነው የምትሰግደው። ዱዓዋ ያው ነው፤ ባድሩን ሳላየው አትውሰደኝ።

ባድሩ። ወንድሜ። እዚህ ሲጽፉት ቀላል ነው… በመስኖ ውሃ ተራ ከኢስሃቅ ጋር ተጣሉ፣ በአካፋ እጀታ መታው፣ ኢስሃቅ በማግስቱ ሆስፒታል ሞተ። ባድሩ ታሰረ፣ ፍርዱን ጨርሶ ወጣ። መንግሥት ለቀቀው፣ ደሙ ግን አልደረቀም። ደም ሳይደርቅ አርዲቦ ቢረግጥ የኢስሃቅ ወገኖች ይገድሉታል። ኮምቦልቻ ሸክም እየተሸከመ ይኖራል። እናቱ በመኪና ተሂዶ የሚደረስበት ቦታ ሆና አያያትም።

እርቁ ጥቅምት ላይ ነው ተብሏል። ችግሩ፣ ከአባጋር ሙዘይን ጋር የሚቀመጡት ሽማግሌ ሐምሌ ላይ ሞቱ፣ አላህ ይርሐማቸው። ወንበሩ በዘር ነው የሚሄደው፤ ልጃቸው ግን ጂዳ ነው፣ አልመጣም አለ። ሾላው ስር ያለው ወንበራቸው ባዶ ነው። አባጋር ሙዘይን አንድ ሰው ይሰይማሉ እየተባለ እየተጠበቀ ነው። “ዳኛ ሲገኝ ተናገር” ትላለች እናቴ። ዳኛው ይገኝልን እንጂ እኛማ እንናገር ነበር።

ማታ የመንደሩ ጎረምሶች ውጫሌ ምን ተባለ ብለው መጡ። ነገርኳቸው። እንዴት አድርጌ እንደነገርኳቸው! እጄን እያወናጨፍኩ። የሚዳኘንን ሰው ከላይ ተልኮልን ሳይሆን እኛው እንምረጥ አልኩ። ዓይናቸው በራ። እውነት ለመናገር ኮራሁ። እናቴ ግን ከውስጥ ሆና ጠራችኝ፣ ብዙ አትለፍልፊ አለችኝ።

መስከረም 4

ምላሴን በቆረጠው።

ከመንደር ተደወለ። ጎረምሶቹ ባዶውን ወንበር በእጅ ብልጫ እንሙላው ብለው ተነስተዋል። ምን ብለው? “ሰሚሃ እንዳለችው።” እንዳለችው! እኔ ያልኩት አዲስ አበባ ላይ ስላለው፣ ስለ ላይኛው… ሾላው ስር ስላለው ወንበር መቼ አወራሁ? አባጋር ሙዘይንም እሺ ብለዋል አሉ። እሺ! ለምን እሺ ይላሉ?

የአርዲቦ ግማሽ የኢስሃቅ ዘር ነው። ግማሽም አይደለም፣ ከዚያ በላይ። እጅ ሲወጣ ማን እንደሚወጣ እውር ያየዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ይሄ ነው።

መስከረም 7

የፈራሁት ሆነ። አብደላ ተመረጠ። የኢስሃቅ ታላቅ ወንድም። የሞተው ሰው ወንድም በገዳዩ ላይ ሊቀመጥ!

ሄጄ ከሩቅ አየሁ። ወንዶቹ ከመስጊድ ሲወጡ ሾላው ስር ተሰበሰቡ። ሴት አልተጠራም፣ እኔም አልቀረብኩም። የአብደላ ስም ሲጠራ እጁ እንደ ማሽላ እርሻ ቆመ። የእኛ ወገን ያቀረበው ሰው ስም ሲጠራ… እዚህም እዚያም። ማንም ማንንም አላስገደደም። አላጭበረበሩም። ንጹሕ ምርጫ ነው። እኔ የምፈልገው ዓይነት።

ባድሩ ደወለ። ሰምቷል። እናቴ ትበላለች ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። “አብሽር፣ መላ አይጠፋም” አልኩት። ምን መላ? ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች… እኔን ነው።

መስከረም 12

ሙላት ወረቀቱን ይዞ ሱቅ መጣ፣ የቡድናችንን ሐሳብ። ደሴ ላይ የማነበው። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። “ሕዝብ በቀጥታ የመረጠው ሰው ለሕዝብ ይታመናል።” እውነት ነው? ለየትኛው ሕዝብ? አብደላ ለመረጡት ይታመናል፣ እሱ አይጠረጠርም። ለባድሩስ?

ያልተመረጠስ? ከላይ የተላከው ለላከው ይታመናል። እሱም ያው ነው።

ሙላትን ጠየቅኩት። አንተ ምን ትላለህ? እኔ ጸሐፊ ነኝ አለ። ምን ዓይነት መልስ ነው? ቀናሁበት።

መስከረም 20

ደሴ። ነገ ግሸን ማርያም ስለሆነች መኪና የሚባል የለም፣ ሁሉም ተሳላሚ ጭኗል። ከአንድ የምስር ነጋዴ ጋር አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተጣብቄ ሄድኩ። አፈር መስዬ ገባሁ።

አነበብኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። ሕዝብ ይምረጥ፣ ሕዝብ ይምረጥ… አጨበጨቡ። ቁጭ ልል ስል ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ፣ ከየት እንደሆኑ እንጃ፣ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። እኔ የመጣሁት ከጥቂቶች ነው አሉ። ብዙው የመረጠው ሰው በብዙውና በጥቂቱ መሐል ሲዳኝ እኔ ምን ዋስትና አለኝ?

መድረኩ ላይ ቆሜ የማየው ሾላውን ነው። እጅ፣ እጅ፣ እጅ። “አላውቅም” አልኩ። በማይክ! አንዳንዱ ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፣ አመሰግናለሁ ብለው ተቀመጡ። ምኑን ነው ያመሰገኑት?

የቡድኔ ሰዎች ተቀይመውኛል። አፈርን አሉ። ይፈሩ። እኔ ራሴ ከየትኛው ወገን እንደሆንኩ ጠፍቶብኛል።

መስከረም 23

አባጋር ሙዘይን ቤት ሄድኩ። ማንም ሳያየኝ፣ በማሳው በኩል። በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው መቁጠሪያ ይዘዋል። ጉልበታቸውን ስሜ ለመንኳቸው። ምርጫውን ይሰርዙት፣ እንደ ዱሮው አንቱ የሚያምኑትን ሰው ይሰይሙ። አንቱ ካሉ ማን እምቢ ይላል?

ስጨርስ እንዲህ አሉ፦

“ደሴ ሄደሽ ሕዝብ ይምረጥ ትያለሽ። እኔ ቤት መጥተሽ ሕዝብ የመረጠውን ሰርዙልኝ ትያለሽ። የቱን ልስማ ልጄ?”

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ወንድሜ ነው አባባ፣ አልኩ።

ከዚያ ለስለስ አሉ። እኔን ማንም አልመረጠኝም አሉ፣ አባቴ ስለሞተ ነው የተቀመጥኩት። ስለዚህ ስፈርድ ማንንም አልፈራም። ነገር ግን ስሳሳት የሚነሳብኝም የለም፤ ስንቱን እንደተሳሳትኩ አላህ ነው የሚያውቀው። ልጆቹ እንምረጥ ሲሉ እሺ ያልኩት ለዚያ ነው። እሳቸው እንዲህ ያስባሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ልሄድ ስነሳ ግን ጠሩኝ። መራጮቹ አንድ ነገር ረስተዋል አሉ። የደም ባለቤት ከወንበሩ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው፣ ወንበሩ ላይ አይቀመጥም፤ ይሄ በእጅ ብልጫ አይቀየርም። አብደላ ወንበሩን ከፈለገ ደሙን ለሌላ ሰው ይተዋል፣ ደሙን ከፈለገ ወንበሩን ይለቃል። ነገ እነግረዋለሁ።

ደስ ልበለኝ ልፍራ? ወንበሩን ከለቀቀ ደም ፈላጊ ሆኖ ይመጣል። ካልለቀቀ ዳኛ ሆኖ። ከሁለቱ የቱ ይሻላል? ወላሂ አላውቅም።

መስከረም 27

አብደላ ወንበሩን መረጠ! ሕዝብ ያከበረኝን ክብር አልጥልም ብሏል አሉ። ወገኖቹ በግነዋል። እነሱ የመረጡት ለደሙ ብለው፤ እሱ ክብሩ ጣመው።

ከዚያ የባሰው መጣ። ደሙን ማን ይያዝ ተባለ። የአጎት ልጅ ተነሳ። አባጋር፦ አንተ አብደላን መርጠሃል፣ ዳኛውን የመረጠ በመረጠው ዳኛ ፊት ባለ ደም አይሆንም። ሌላው ተነሳ። አንተስ? እኔም መርጫለሁ። ሌላው… እጁን ያላወጣ የኢስሃቅ ወገን ወንድ ጠፋ። አንድ እንኳ! ሁሉም ማሽላ ሆኖ ቆሞ ነበራ።

ታዲያ ማን ቀረ? አሪፋ። የኢስሃቅ ሚስት። ሴት አልተጠራምና እጇን አላወጣችም።

አሪፋ… ሰኞ ሰኞ ሐይቅ ገበያ አያታለሁ። እሷ ቲማቲም ይዛ ትቀመጣለች። ባየኋት ቁጥር መንገዴን እቀይራለሁ። ምን ትል ይሆን? እሷ ብቻዋን ልጆች ያሳደገች፣ ባሏን የቀበረች… እኔ ብሆን እምራለሁ? አልምርም።

ጥቅምት 1

እንቅልፍ የለም። እናቴ አልበላም አልጠጣም ብላ ለአንድ ሳምንት ሱና ፆም ጀምራለች፣ በዚያ እግሯ። ተይ ብላት አልሰማ አለች። ባድሩ እንዲመጣ ተነግሮታል። ነገ ይመጣል። ወይ በሰላም ይገባል ወይ…

ጥቅምት 2

ቶሎ ልጻፈው።

ሾላው ስር። በአንድ በኩል እነሱ፣ በሌላ በኩል እኛ። ወንበሩ ላይ አባጋር ሙዘይን፣ አጠገባቸው አብደላ፣ አዲስ ጋቢ ለብሶ፣ መሬት መሬት እያየ። ባድሩ ከማሳው ጫፍ መጣ፣ እንደ እርቅ ወጉ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ በባዶ እግሩ። ከስቷል። ፀጉሩ ሸብቷል! ታናሼ እኮ ነው። ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ ተንበረከከ። የእናቴን እጅ ይዣለሁ።

አባጋር “የደም ባለቤት ትናገር” አሉ። ሹክሹክታ ሆነ። ሴት እዚያ ቦታ ተናግራ አታውቅም።

አሪፋ ተነሳች። ሻሿን አስተካከለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ወደ ባድሩ አላየችም፣ ወደ አብደላም። አባጋርን እያየች ነው የተናገረችው።

“ኢስሃቅ ሆስፒታል ሆኖ አናግሮኛል። ‘ቀድሜ የሰነዘርኩት እኔ ነኝ፣ ልጆቼን ደም እንዳታወርሺያቸው’ ብሎኛል። ለአብደላ ነገርኩት። የወንድ ጉዳይ ነው አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺስ ምን ትያለሽ ያለኝ ሰው የለም። አንቱም አልጠየቁኝም አባጋር።”

የአባጋር ሙዘይን መቁጠሪያ ከእጃቸው ወደቀ። አላነሱትም። “አልጠየቅኩሽም” አሉ፣ “እውነትሽን ነው።” አብደላ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ።

ከዚያ ወደ ባድሩ ዞረች። ድንጋዩን አውርድ አለችው። ትቼልሃለሁ፣ ለአላህ ብዬ። ግን የኢስሃቅ ማሳ ውሃ ተራው ሌሊት ነው፣ ልጆቼ ትንንሾች ናቸው፣ እኔ ጨለማ እፈራለሁ። የኢስሃቅን ተራ አንተ ትጠብቅልኛለህ። በቃ፣ ሌላ አልፈልግም።

ባድሩ ጮኾ አለቀሰ። እኔም። የእነሱም ወገን፣ የእኛም። እናቴ አላለቀሰችም፤ አልሃምዱሊላህ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ምላሷ ሌላ ቃል ጠፋው።

ያኔውኑ ብትጠየቅ! ከእስር ሲወጣ በቀጥታ ወደ ቤቱ… እናቴ በከንቱ ስታነባ፣ ወንድሜ በሰው አገር ሲያረጅ። አባጋሩ ሳይመረጡ አልጠየቋትም። አብደላ ተመርጦ አልጠየቃትም። እኔስ? መንገዴን እቀይር ነበር።

ጥቅምት 5

ባድሩ ሌሊቱን የአሪፋን ማሳ ሲያጠጣ አደረ። ጠዋት በጭቃ ተለቅልቆ መጣና የእናቴን እግር በሙቅ ውሃ አጠበላት። እሷ ደግሞ ክሳቱን እያየች ታላግጣለች፣ ኮምቦልቻ ሰው አይበላም እንዴ ትለዋለች። ዘራችን ሁሉ አንዴ ከሳቀ አይቆምም።

ጥቅምት 11

ሰኞ። ገበያ ሄድኩ። አሪፋ አጠገብ ቁጭ አልኩ፣ ቲማቲም ስትሸጥ አብሬያት ዋልኩ፣ ሱቄንም አልከፈትኩም። ብዙም አላወራንም። ስለ ላይኛው ምክር ቤት ነገርኳት። ሰዎቹን ማን ይላካቸው እየተባለ ነው አልኳት። አሰበች አሰበችና፣ ማንም ይላካቸው፣ ሲመጡ ማንን እንደሚጠይቁ ነው እንጂ አለች። ለደንበኛ ቲማቲም እየመረጠች።

ማታ ሙላት ደወለ። ወረቀቱ ወደ ላይ ሊሄድ ነው፣ የሚታረም ካለ ዛሬ ንገሪኝ አለ። ደሴ ላይ አላውቅም ያልሽውንም ጽፌዋለሁ፣ ላጥፋው? ተወው አልኩት፣ እውነት ነው።

ሕዝብ ይምረጥ የሚለው ይቀመጥ። የቡድኑ ቃል ነው፣ እኔም ቢያንገሸግሸኝም ካለመመረጥ ይሻላል መሰለኝ። መሰለኝ። ግን ጨምርበት አልኩት። የራሱ ወገን ጉዳይ ሲመጣ የተመረጠውም ከወንበሩ ይነሳ። ደግሞ ምንም ነገር ከመወሰኑ በፊት፣ እጁ ያልተቆጠረ፣ ነገሩ ግን የእሱ የሆነ ሰው መጀመሪያ ይጠየቅ። በስም ተጠርቶ።

የቁልፍ ሰሌዳው ድምፅ ይሰማኛል።

“ይሄ የቡድኑ ሐሳብ አይደለም” አለ። “የማን ልበል?”

“የአሪፋ በል።”

“ማንን ወክላ?”

“ራሷን” አልኩት።